ፍሬኑ ይቅደም

ባለፈው እትም አንድ ወንድማችን ስለ ፈጣን መኪና ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። ብዙዎቻችሁ እንዳነበባችሁት እናምናለን፤ በምግብ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሳይቀር ሲያከራክር ሰምተናልና። የወንድማችን ምክር ባጭሩ ይህ ነው። አሮጌ ጎልፍ ጂ.ቲ.አይ. ገዝቶ በውድድር ጎዳና ላይ ሊነዳት የሚያስብ ተማሪ በመጀመሪያ የሞተሩን ጉልበት ያሳድግ፤ ቀጥሎ መኪናዋን ወደ መሬት ዝቅ ያድርጋት፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ገንዘብ ከተረፈው ትልልቅ ፍሬን ይግጠምላት። ጽሑፉ ጥሩ ሆኖ የተጻፈ ነው። ምክሩ ግን ራሱ ወደ ታች እግሩ ወደ ላይ የተተከለ ስለ ሆነ ዝም ብለን ልናልፈው አልቻልንም።

«እኛ» የምንለው አራት ተማሪዎች ነን። ሁለታችን መካኒካል ምሕንድስና፣ አንዳችን ሕክምና፣ አንደኛዋ ሕግ እናጠናለን። ገንዘባችንን አዋጥተን በ2006 የተሠራች አንዲት ጎልፍ ከገዛን ሁለት ዓመት ሊሆነን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ የምንናገረው ከመጽሐፍ ብቻ ያገኘነውን አይደለም፤ ከፊሉን ከኪሳችን፣ ከፊሉንም ከድንጋጤያችን የተማርነው ነው።

ነገሩን ለማያውቁት ጥቂት እናስረዳ። ጎልፍ ማለት በአገራችን «ቮልስ» የምንላትን ጀርባ ጎባጣ መኪና እንድትተካ ቮልስዋገን በ1974 ያወጣት መኪና ናት። በሚቀጥለው ዓመት በፍራንክፈርት የመኪና ትርዒት ላይ የዚህችው መኪና ፈጣን እኅት ጂ.ቲ.አይ. ታየች። ፋብሪካው መጀመሪያ ያሰበው 5,000 ያህል ብቻ ሊሠራ ነበር፤ የመጀመሪያው ትውልድ ሠርቶ ሲያበቃ ከ460,000 በላይ ሆኖ ተገኘ። ያቺ የመጀመሪያዋ 110 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ ክብደቷም ከ800 ኪሎ እምብዛም አያልፍም። ኋላዋ እንደ በር የሚከፈት፣ ዕቃና ቤተሰብ የምትጭን፣ ነገር ግን እሑድ ጠዋት እንደ ውድድር መኪና የምትነዳ ትንሽ መኪና ስለ ሆነች ሌሎችም ፋብሪካዎች ተከተሏት፤ በ1984 የወጣችው ፔዦ 205 ጂ.ቲ.አይ. እስከ ዛሬ ድረስ ትወደሳለች። የዚህ ወገን መኪናዎች በእንግሊዞች አፍ «ሆት ሃች» ይባላሉ። የእኛዋ አምስተኛው ትውልድ ናት። 200 የፈረስ ጉልበት አላት፤ ክብደቷ ግን ከ1,300 ኪሎ በላይ ነው። ጉልበቱ ሲያድግ ሁሉም ያጨበጭባል፤ ክብደቱ ሲያድግ የሚያስተውለው ጥቂት ነው። ክብደት ደግሞ ሒሳቡን የሚጠይቀው በሚነሡበት ጊዜ ሳይሆን በሚቆሙበት ጊዜ ነው።

የውድድር ጎዳና ቀን የሚባለው፣ ማንም መንጃ ፈቃድና ደኅና መኪና ያለው ሰው ከፍሎ በተዘጋ ጎዳና ላይ እንደ ልቡ የሚነዳበት ቀን ነው። ውድድር አይደለም፤ ዋንጫም የለውም። እኛ የሄድንበት ስፍራ በአይፍል ተራሮች መካከል ያለው ኑርቡርግሪንግ ነው። በ1927 የተከፈተው የሰሜኑ ዙር 20.8 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው፤ ጥምዝምዙ 73 ነው፤ ከዝቅተኛው ነጥብ እስከ ከፍተኛው 300 ሜትር ያህል ልዩነት አለ። ጎዳናው ጫካ ለጫካ ይወጣል ይወርዳል፤ በብዙ ስፍራ ጎርበጥባጣ ነው፤ ዳር ዳሩን የብረት አጥር ይዞታል። ሰፊና ለጥ ያለ ዘመናዊ የውድድር ሜዳ የለመደ ሰው እዚያ ሲደርስ የገጠር መንገድ ላይ የወጣ ይመስለዋል።

አሁን ወደ ታሪካችን እንመለስ። መኪናዋን የሸጠልን ሰው ብዙ ነገር አሳምሮላት ነበር። የፍሬኖቹ ካሊፐሮች ደማቅ ቀይ ቀለም ተቀብተዋል፤ ዲስኮቹ በቀዳዳ የተነደሉ ናቸው፤ ቁመቷም ዝቅ ብሏል። እኛም ባየነው ረካን። በተረፈን ገንዘብ የገዛነው ምን እንደ ሆነ ስንናገር እናፍራለን፤ ሞላውና አሞርዛተሩ በአንድ ላይ ሆነው ከፍታቸው በመዞሪያ የሚስተካከል፣ ኮይልኦቨር የሚባለውን ዕቃ ገዛን። ከነበረችበት ይልቅ ዝቅ አደረግናት። በተማሪዎች መኖሪያ ፊት ለፊት ስትቆም በእውነት ታምር ነበር።

በሐምሌ ወር ወደ ኑርቡርግሪንግ ይዘናት ወጣን። ሁለታችን ውስጥ ነበርን፤ አንዱ ይነዳል፣ ሌላው አጠገቡ ተቀምጧል። የመጀመሪያው ዙር በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ልባችን ተደፋፈረ። በሦስተኛው ዙር ሽቬደንክሮይዝ ከሚባለው እጅግ ፈጣን ስፍራ ወርደን አሬምበርግ የሚባለው ጥምዝ ላይ አጥብቀን ፍሬን ያዝን። ፔዳሉ ከወትሮው ለስለስ ያለ መሰለን፤ ግን ማንም ምንም አልተናገረም። ከዚያ ፉክስሮሬ የሚባለው ረጅም ቁልቁለት ይከተላል። ከግርጌው መንገዱ ድንገት ሽቅብ ይመለሳል፤ ሽቅብ ወጥቶም አዴናወር ፎርስት ወደሚባለው ጠባብ እጥፋት ያደርሳል። እዚያ ፍሬን ስንረግጥ ፔዳሉ ያለ አንዳች ተቃውሞ ወለሉ ላይ ተኛ። ደግመን ረገጥን፤ ሦስተኛ ረገጥን፤ ማርሽ አሳነስን። ዳገቱ ረዳን፤ በረገጥን ቁጥርም ጥቂት ጥቂት ፍሬን ተገኘ። እጥፋቱን ግን መታጠፍ አልቻልንም፤ ቀጥ ብለን ወደ ሣሩ ገባንና ቆምን። አጠገብ የተቀመጠው የሕክምና ተማሪ ነበር። ለረጅም ጊዜ ምንም ሳይናገር ቆይቶ «የልብ ምቴን ቁጠሩልኝ» አለ።

ማንም አልተጎዳም፤ አጥሩም አልተነካም። የተነካው እብሪታችን ብቻ ነው። ማታ ዕቃውን ፈትተን ስናይ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ቀይ ቀለም በተቀባው ካሊፐር ውስጥ የነበረው የፍሬን ዘይት እንደ ቡና ጥቁር ሆኗል። ለስንት ዓመት ሳይለወጥ እንደ ቆየ እግዚአብሔር ይወቅ። የሸጠልንን ሰው ልንከስ አንፈልግም። እኛስ ስንገዛ የዘይቱን ክዳን ለመክፈት አንድ ደቂቃ አጣን ወይ? አዲስ ሞላ ለመግጠም ሁለት ቅዳሜና እሑድ የፈጀን ሰዎች፣ ዘይት ለመለወጥ አንድ ከሰዓት በኋላ አልሠዋንም።

ለመሆኑ ፍሬን ምን ይሠራል? ፍሬን ፍጥነትን አያጠፋም፤ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል እንጂ። የፊዚክስ መምህሮቻችን የነገሩን ሒሳብ እዚህ ላይ ሥጋ ይለብሳል። መኪናዋ ከነጂው ጋር 1,400 ኪሎ ትመዝናለች እንበል። በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ስትሮጥ የተሸከመችው የእንቅስቃሴ ኃይል 1.75 ሚሊዮን ጁል ነው። ወደ 80 ስናወርዳት 1.4 ሚሊዮኑ ያህል በአራት ሴኮንድ ግድም ውስጥ፣ በአብዛኛው ወደ ፍሬኖቹ ይገባል፤ ይልቁንም ወደ ፊተኞቹ ሁለት ዲስኮች፤ መኪና ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚደፋ። ይህ ሙቀት አራት ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ እስኪንተከተክ ለማፍላት ይበቃል። ይህም አንድ ጊዜ ብቻ ሲያዝ ነው። ዲስኩ ሳይበርድ ቀጣዩ ጥምዝ ይመጣል፤ ከዚያም ሌላው።

ወንድማችን «ጉልበት ጨምሩ» ሲል ይህን ሒሳብ ዘንግቶታል። ኃይሉ በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ስኩዌር ነው የሚያድገው። ሞተሩ ተጠናክሮ መኪናዋ በቀጥታው መንገድ መጨረሻ ላይ በ180 ፈንታ በ200 ብትደርስ፣ ፍጥነቱ በአሥራ አንድ ከመቶ ጨመረ፤ ፍሬኑ የሚሸከመው ግን ከሃያ ከመቶ በላይ ጨመረ። ቀድሞ የማይበቃ ፍሬን ላይ ጉልበት መጨመር ማለት ዕዳ ያለበት ሰው ሌላ ብድር ወስዶ ድግስ ሲደግስ ማለት ነው።

ሰንሰለቱ የሚበጠሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በርካሹ ቀለበት ላይ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የመምጠጥ ጠባይ አለው። ዶት 4 የተባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ከመቶ ወደ አራት የሚጠጋ ውኃ ሲጠጣ ግን ደረጃው የሚጠይቀው ዝቅተኛ ወሰን 155 ብቻ ነው። ዘይት ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። ነጂው የሚረግጠው ፔዳል ሸራውን መግፋቱን ትቶ እንፋሎቱን ይጨምቃል። በአዴናወር ፎርስት የደረሰብን ይህ ነው። የሚገርመው፣ ያው ፍሬን በከተማ ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ ያለ አንዳች እንከን ይሠራል። ሲበርድም እንፋሎቱ ተመልሶ ዘይት ስለሚሆን ፔዳሉ የዳነ ይመስላል። በሚያስፈልግበት ሰዓት ብቻ የሚከዳ ወዳጅ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ ድልድይ የወረደ ሰው ሁሉ የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ያውቀዋል። ያ መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። የጭነት መኪና ሹፌሮች ዳገቱን በሚወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን መውረድ አለብህ የሚሉት ፊዚክስ ተምረው አይደለም፤ ፍሬኑን በሞተር ሳያግዝ የወረደ ጓደኛቸው ምን እንደ ሆነ አይተው ነው። እኛ ያንን ምክር ከልጅነታችን ጀምሮ በአውቶቡስ ወንበር ላይ ተቀምጠን እየሰማን አድገን፣ አውሮፓ መጥተን በቀይ ቀለም ተታለልን።

እንግዲህ በእኛ አስተያየት የተማሪ ገንዘብ በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ዘይት ነው። ጥሩ የፍሬን ዘይት፣ አዲስ ሲሆን የመፍያ ነጥቡ ከ300 ዲግሪ የሚበልጠው ሳይቀር፣ ዋጋው ከጥቂት የምግብ ቤት ምሳዎች አያልፍም። ቀጥሎ ወደ ሸራ ነው። ለከተማ የተሠራ ሸራ ገና ሳይሞቅ እንዲይዝ፣ እንዳይጮህ፣ ዲስኩንም እንዳይበላ ታስቦ ነው የተቀመመው፤ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ግን መንሸራተት ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ሆኖ ሳለ መኪናዋ አትቆምም። ይህን ከዘይት መፍላት ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ፔዳሉ ከወረደ ዘይቱ ነው፤ ፔዳሉ ጠንክሮ መኪናዋ ካልያዘች ሸራው ነው። ለውድድር ጎዳና የተሠራው ሸራ በተቃራኒው ሲግል ይበረታል፤ ብርድ ላይ ግን ደካማ ነው፤ ይጮኻልም። በእርሱ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት መንዳት በባዶ ሆድ ፈተና እንደ መግባት ነው። ሁለቱን ዓይነት ይዞ ሜዳው ላይ መለወጥ ወይም መካከለኛውን መምረጥ ይቻላል። አዲስ ሸራ ደግሞ መጀመሪያ ቀስ በቀስ ማሞቅና ማላመድ ይፈልጋል፤ ከሳጥኑ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ቁልቁለት አይወሰድም።

ስለ ትልልቅ ፍሬኖች ወንድማችን የጻፈው ሁሉ ሐሰት ነው አንልም። የእኛዋ ጎልፍ የፊት ዲስክ ስፋቱ 312 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዚያው ዘመን የወጣችው አር 32 ደግሞ 345 ነበረው፤ ይህንንም ወደ ጂ.ቲ.አይ. አምጥተው የሚገጥሙት ብዙዎች ናቸው። ትልቁ ዲስክ ብዙ ብረት ስላለው ብዙ ሙቀት ይችላል። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። ነገር ግን ትልቅ ፍሬን መኪናዋን ባጭር ርቀት ያቆማል የሚለው ወሬ ስሕተት ነው። ጎማውን የሚይዘው አስፋልት ነው። ትንሹ ፍሬን ጎማውን እስከ መንሸራተት ድረስ መያዝ ከቻለ፣ ትልቁ ፍሬን በመጀመሪያው አያያዝ ላይ አንዲት ስንዝር አይጨምርም፤ ልዩነቱ የሚታየው በአሥረኛው ነው። የፊቱ ብቻ ተለውጦ የኋላው እንደ ነበረ ሲቀር ደግሞ በሁለቱ መካከል የነበረው ሚዛን ይፋለሳል። በቀዳዳ የተነደሉት ዲስኮችም ለዓይን እንጂ ለእንዲህ ያለ ሥራ አይመከሩም፤ በሙቀትና በብርድ መፈራረቅ ስንጥቁ ከቀዳዳዎቹ ይጀምራልና። የእኛን ስንፈታ በፀጉር ቅጥነት የተሰነጠቁ አየን። ቀዳዳ የሌላቸውን ተራ ዲስኮች ገዛን፤ ዋጋቸውም ያነሰ ነበር።

አሁን ወደ ሞላው እንምጣ። እዚህ ላይ ከወንድማችን ጋር ያለን ጠብ ይበልጥ የጠነከረ ነው፤ ምክንያቱም እኛ ራሳችን በዚሁ ስሕተት ውስጥ ነበርንና።

ሰው ሁሉ የሚያስበው፣ መኪና ዝቅ ባለ ቁጥርና ሞላዋ በጠነከረ ቁጥር ጥምዝ ላይ ጥሩ ትይዛለች ብሎ ነው። ጥቂት እውነት አለበት። መኪና ስትታጠፍ ከውስጠኞቹ ጎማዎች ወደ ውጨኞቹ ክብደት ይሻገራል፤ የሚሻገረው ጠቅላላ ክብደት የሚወሰነው ግን በመኪናዋ ክብደት፣ በክብደት ማዕከሏ ከፍታ፣ በግራና በቀኝ ጎማዎቿ መካከል ባለው ስፋትና በምትታጠፍበት ኃይል ነው። በሞላው ጥንካሬ አይደለም። ጠንካራ ሞላ መኪናዋ ስትጋደም እንዳትታይ ያደርጋል እንጂ ሽግግሩን አያስቀረውም፤ ማድረግ የሚችለው ሽግግሩን በፊትና በኋላ መካከል ማከፋፈል ነው።

መኪናዋን ዝቅ ማድረግ የክብደት ማዕከሉን ያወርዳል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የጎልፍ የፊት እግር ማክፈርሰን የሚባለው ዓይነት ነው። በዚህ ዓይነት አሠራር የታችኛው ክንድ መኪናዋ በጣም ስትወርድ ጫፉ ወደ ላይ ይቃናና፣ አካሏ የሚጋደምበት ምናባዊ ነጥብ ከክብደት ማዕከሉ ይልቅ ፈጥኖ ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ስለሚሰፋ መኪናዋ ከቀድሞው ይልቅ ለመጋደም ትፈልጋለች። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የጠላውን ገዛ ማለት ነው። ከዚህም በላይ ሞላው ለመንቀሳቀስ የቀረው ቦታ ትንሽ ስለሚሆን፣ ጉብታ ባጋጠመ ጊዜ አሞርዛተሩ መጨረሻው ላይ ካለው ላስቲክ ጋር ይጋጫል። በዚያች ቅጽበት ሞላ የሚባል ነገር የለም፤ ጎማው ከአስፋልቱ ላይ ይዘላል። በአየር ላይ ያለ ጎማ አይታጠፍም፤ አይቆምምም። ኑርቡርግሪንግን በመሰለ ጎርበጥባጣ ጎዳና ላይ ያቺ ያማረች ቁመታችን በየጉብታው እንደ ፍየል ስታዘልለን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቁመቷን ወደ ፋብሪካው ቁመት አቅራቢያ መልሰናታል። የመልኳ ነገር ያሳዝናል፤ አንዳንድ ጓደኞቻችንም ታክሲ መሰለች ብለውናል። ይሁን። የተሻለውን ነገር ያገኘነው ግን ማንም በማያየው ስፍራ ነው። የፊት ክንዶቹን የሚይዙት የላስቲክ ማቀፊያዎች፣ መካኒኮቻችን ጎሚኒ የሚሏቸው፣ ከአሥራ ምናምን ዓመት በኋላ ተበልተው ነበር። አጥብቀን ፍሬን ስንይዝ መሪው ግራና ቀኝ ይቅበዘበዝ የነበረው ከዚህ የተነሣ ነው እንጂ ሞላው ስለ ለሰለሰ አልነበረም። እነርሱን ለወጥን። ቀጥሎ አላይመንቱን አሠራን፤ የፊት ጎማዎቹ አናት ሁለት ዲግሪ ያህል ወደ ውስጥ እንዲያዘነብል አደረግን። መኪናዋ ጥምዝ ላይ ስትጋደም ጎማው ተቃንቶ ሙሉ ፊቱን አስፋልቱ ላይ ያሳርፋል፤ ቀድሞ የውጭው ጠርዝ ብቻ ነበር የሚበላው። በመጨረሻም የኋላውን የማረጋጊያ ብረት ጠንከር ባለ ለወጥነው። የፊት ጎማዎቿ የሚጎትቷት መኪና ሁሉ ጠባይዋ ጥምዝ ላይ አፍንጫዋን ወደ ውጭ መግፋት ነው፤ የኋላው ብረት ሲጠነክር የክብደት ሽግግሩ ድርሻ ወደ ኋላ ስለሚሄድ የፊቶቹ ያርፋሉ። እዚህ ግን ልክ አለው። ልኩ ካለፈ፣ ጥምዝ መካከል ደንግጦ እግሩን ከቤንዚኑ ላይ ያነሣ ሰው ጭራዋ ቀድሞት ሲዞር ያያል። የጥንቷ ፔዦ 205 በዚህ ጠባይዋ ስንቱን አስደንግጣለች!

«እንግዲህ ይህ ሁሉ ለተማሪ ምን ያደርግለታል? ጎማ ከሚያቃጥል መጽሐፍ አይገዛም ወይ?» የሚሉን እንዳሉ እናውቃለን። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ እኛም በየወሩ መጨረሻ ራሳችንን የምንጠይቀው ነው። የምንመልሰው ይህን ነው። ወጣት ፈጣን መኪና ካገኘ አንድ ቦታ መፍጠኑ አይቀርም። በዚህች ከተማ ሌሊት ሌሊት በሰፊው ጎዳና ላይ የሚሆነውን ከመስኮታችን እንሰማለን። የሕግ ተማሪዋ ጓደኛችን እንደምታሳስበን፣ በጀርመን ከጥቅምት 2017 ጀምሮ በሕዝብ መንገድ ላይ ያልተፈቀደ የመኪና እሽቅድምድም ወንጀል ነው፤ ብቻውን ሆኖ ከልክ በላይ የሚነዳውም ሰው ሊያዝበት ይችላል፤ ቅጣቱ እስከ ሁለት ዓመት እስራት፣ ሰው ከሞተበት እስከ አሥር ዓመት ይደርሳል። እግረኛ፣ ብስክሌትና ትራም የሌለበት የተዘጋ ጎዳና ላይ ከፍሎ መንዳት ከዚያ የሚሻል መስሎናል። በተዘጋው ጎዳና ላይ ቢሆን እንኳ ኃላፊነት አለ፤ የሰበሩትን አጥር ያስከፍላሉ፤ ብዙ የኢንሹራንስ ውሎችም እንዲህ ያለውን መንዳት አይሸፍኑም። ኑርቡርግሪንግ ለሕዝብ ክፍት በሚሆንባቸው ሰዓቶች ደግሞ ጎዳናው የሚቆጠረው እንደ ማናቸውም የክፍያ መንገድ ነውና የትራፊክ ሕግ ይጸናበታል፤ ሰዓት እየለኩ መሽቀዳደምም ክልክል ነው። ይህን ሳያውቁ የሚሄዱ አሉ።

ሌላም የሕግ ነገር አለ። በዚህ አገር ሞላም ሆነ ፍሬን እንደ ፈለጉ ለውጦ መንገድ መውጣት አይቻልም። ዕቃው የፈቃድ ወረቀት ሊኖረው ይገባል፤ ብዙ ጊዜም ቱፍን የመሰለ መርማሪ አይቶ በመኪናው ደብተር ላይ መጻፍ አለበት። በእኛ አገር ቦሎ ለማውጣት ከሚደረገው ምርመራ ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ፣ መርማሪው የገጠምነውን እያንዳንዱን ሞላ ቁጥሩን በባትሪ እያበራ ማንበቡ ነው። መጀመሪያ አማረርነው። በኋላ ግን፣ ከእኛ በፊት አንድ ሰው ዘይቱን እንዲህ እያበራ አይቶት ቢሆን ኖሮ ብለን አሰብን።

ወንድማችን በጽሑፉ መጨረሻ ላይ በሚቀጥለው ወር ወደ ኑርቡርግሪንግ እንደሚወጣ፣ ሦስት ተማሪዎችንም በመኪናው ይዞ እንደሚሄድ ጽፏል። ይህን መልስ የጻፍነው በዚህ ምክንያት ነው። ሞተሩን ማጠናከሩን እንዳይተው እናውቃለን፤ ተከፍሎበታል አሉ። ነገር ግን የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከመኖሪያው ጀርባ ባለው መኪና ማቆሚያ የራሳችንን ዘይት እንለውጣለን። ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፤ ሌላው በካሊፐሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን ፈትቶ አሮጌው ዘይት በቀጭን ቱቦ እስኪወጣ ይጠብቃል፤ ብሎኑ ሳይጠበቅ ፔዳሉ ከተለቀቀ አየር ይገባል፤ ሥራውም እንደ ገና ይጀመራል። ክሪክ፣ ቱቦና ሁለት ቆርቆሮ የሚበቃ አዲስ ዘይት አለን። ወንድማችን መኪናውን ይዞ ይምጣ። አብረውት የሚሄዱት ሦስቱም ቢመጡ ደስ ይለናል፤ ክዳኑን ከፍተው ቀለሙን በዓይናቸው ይዩ።